የላይኛው ረድፍ ክዳኖች

ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሳይወርድ አሥራ ዘጠኝ ሰፈር ተረክቧል። ይህን ሲናገር አያፍርም ነበር፤ እንዲያውም በመሥሪያ ቤቱ «ፈጣኑ» የሚል ስም ያተረፈው በዚሁ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶ የኢንተርኔት መስመር የተዘረጋበትን ሰፈር በመኪና አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ነጯ ሳጥን መሰቀሏን በመስኮት ያያል፤ ካርታው ላይ ያሉት ረድፎች በሙሉ አረንጓዴ መሆናቸውን ያመሳክራል። ከዚያ የነዋሪዎች ተወካይ ይፈርማል፣ እሱ ይፈርማል፣ ሰፈሩም «ተገናኝቷል» ተብሎ ይዘጋል። አንዴ የተዘጋ ሰፈር ደግሞ ሁለተኛ በጀት አይያዝለትም።

ሃያኛው ሰፈር ግን እማማ ክዳን ያሉበት ሰፈር ሆነና ነገሩ ሁሉ ተበላሸበት።

እማማ ክዳን ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ክዳን ያለው ነገር ካዩ እጃቸው አያርፍም፤ ቆጣሪም ይሁን ድስት፣ ከፍተው ካላዩ አያምኑም። ለቅሶ ቤት ሄደው የሰው ድስት ከፍተው ጨው አንሶታል ብለዋል እየተባለ ይቀለድባቸዋል። እሳቸው ሲጠየቁ ግን ወሬውን አይክዱም፤ «አንሶት ነበራ!» ነው የሚሉት። የነዋሪዎች ተወካይ ሆነው የተመረጡትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስብሰባው ላይ ሌላው ሁሉ አንገቱን ስለደፋ ነው።

መስመሩን የዘረጋው ድርጅት ወኪል በምርጫው ደስ ብሎት ነበር። ይህ ሰው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ጣጣ የለውም» ስለሚል ሰፈሩ እሱንም በዚያው ጠርቶታል። አንዲት አሮጊት፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ እስክሪብቶ፤ በእርግጥም ጣጣ ያለው አይመስልም ነበር።

የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ቀን ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱ እማማ ክዳን ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እማማ መነጽራቸውን አደረጉና ቅጹን ከላይ እስከ ታች፣ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ተቆጣጣሪው በሆዱ «ይኸው አሁን ይፈርማሉ» አለ። እሳቸው ግን ብድግ ብለው ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ላይ ጫፉ የታጠፈ አጭር ብረት አወረዱ። የቆጣሪ ክዳን መክፈቻቸው ነበር።

«በሉ እንሂድ።»

«ወዴት ነው እማማ?»

«ልናይ ነዋ።»

«ካርታው እኮ እዚህ አለ። ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

«ካርታው ደህና ነው ልጄ፣ እሱን አልጠላሁም። ሳጥኖቹን ነው ያልኩት።»

ጣጣ የለውም ሳቀ። ተቆጣጣሪውም ሳቀ። ሁለቱም ሁለት ሦስት ቤት ታይቶ የሚያበቃ መስሏቸው ነበር።

ሰፈሩ ተዳፋት ላይ የተሠራ አምስት ረድፍ ቤት ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት። እማማ ከታችኛው ረድፍ የመጀመሪያ ቤት ጀመሩ። በብረቱ ጫፍ ክዳኑን ፈልቀቅ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ቀጭኑ ገመድ ገብቶ መታሰሩን በጣታቸው ይነካሉ፣ ትንሿ መብራት መብራቷን ያረጋግጣሉ፣ ክዳኑን ይመልሳሉ፣ ይጽፋሉ። ቀጣዩ ቤት። የቤቱን ሰው በስሙ ይጠራሉ፤ የማን ቤት ውሻ እንዳለው፣ የማን በር ከላይ ተገፍቶ እንደሚከፈት ያውቃሉ። ደህና የተሠራውን ደግሞ አልነፈጉም፤ «ይህን ያሰረ ልጅ እጁ ይባረክ፣ እዩት እንዴት እንዳስተካከለው!» እያሉ ነው የሚያልፉት።

ሃምሳኛው ቤት ላይ የተቆጣጣሪው ጫማ ጭቃ ሆነ። መቶኛው ላይ ኮቱን አወለቀ። መቶ ሰባ አንደኛው ላይ አራቱ ረድፎች አለቁ፤ አንድም ጉድለት አልተገኘም። ጣጣ የለውም ፊቱ በርቶ፣ «አላልኩም? በቃ፣ ወርደን እንፈርም» አለ። እማማ ግን ወደ ላይኛው ረድፍ የሚወስደውን የድንጋይ ደረጃ ጀምረውት ነበር።

የላይኛው ረድፍ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ነው። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ገመዱም አለ፣ መብራቷም ትበራለች። ሁለተኛው ቤት ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነበር። ሸረሪት ገብታ ድሯን አድርታበታለች። ሦስተኛው ባዶ። አራተኛው ባዶ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ነጭ፣ ንጹሕ ሳጥኖች ናቸው። ተቆጣጣሪው ወደ አራተኛው ሳጥን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ሲል ጠየቀ።

ጣጣ የለውም እንኳን ሊደነግጥ፣ ዓይኑን አላሸም። «እዚህ ላይ መሬቱ አለት ነው አለቃ። መቆፈር አልተቻለም። ግን መመሪያውን ታውቀዋለህ፤ ከአንድ ረድፍ አንድ ቤት ከተገናኘ ረድፉ ተገናኝቷል ነው የሚለው። ዳቦ ቤቱ ተገናኝቷል። ረድፉ አረንጓዴ ነው። ጣጣ የለውም።»

መመሪያው እውነትም እንዲህ ይላል። ተቆጣጣሪው ቁጥሩን ሳይቀር ያውቀዋል። ቢፈርም የሚጠይቀው ሰው የለም።

እማማ ክዳን ትንፋሻቸው እስኪመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ሳነብ በረድፍ አንብቤ አላውቅም» አሉ። «ዳቦ ቤቱ ውሃ አገኘ ብዬ ጎረቤቱ ሁሉ ጠጥቷል ብዬ አልጻፍኩም።» ብረቱን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። «አንድ ቤት ብቻ ገምቻለሁ። ውሻ ፈርቼ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ያለፈውን ወር ቁጥር አየሁና የዚህ ወር ይህን ያህል ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛውም ወር ገመትኩ፤ በሦስተኛውም። ለካ ቧንቧው ከመሬት በታች ፈንድቶ ውሃው የቤቱን መሠረት ሲበላው ከርሟል። ቁጥሩን ባየው ኖሮ በመጀመሪያው ወር ይታወቅ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ግድግዳው የቤቱ ባለቤት በሆነችው ሴትዮ ላይ ወደቀ። ነፍሷ ተረፈች፣ እግሯ ግን አልተረፈም። ዛሬም ታነክሳለች። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ስቃ ሰላም ትለኛለች፤ እኔን የሚገድለኝ እሱ ነው።»

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ደብቆ ይሞታል እንጂ ለማያውቀው ሰው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አይናገርም። ተቆጣጣሪው በዚያች ደቂቃ እማማን ማክበር ጀመረ፤ ማክበር ብቻም አይደለም፣ ትንሽ ፈራቸው።

ጣጣ የለውም ድምፁን አለሰለሰ። «እማማ፣ እስካሁን የሚሠራው እኮ ለሙከራ ነው። ርክክቡ ዛሬ ካልተፈረመ ሙከራው ያበቃል። አራቱም ረድፍ ይጠፋል፣ የእርስዎም ቤት ጭምር። መቼ እንደሚመለስ ደግሞ እኔ እንጃ። ለአርባ ቤት ብለው መቶ ሰባ ሁለት ቤት ሊያጠፉ ነው?»

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም፤ ተቆጣጣሪው ውሉን ያውቀዋል፣ እውነት ነው። እማማም እውነት መሆኑን ከፊቱ አነበቡ። የሚኖሩት ከልጃቸው ሚስት ጋር ነው፤ ምራታቸው ደግሞ በኢንተርኔት ለምትማረው ትምህርት የመጨረሻ ፈተናዋ ሳምንት ብቻ ነበር የቀረው። እማማ ሰዓታቸውን አዩና ብድግ አሉ። «ስድስት ሊሆን ነው። ሰው ይጠብቀኛል፤ መጣሁ» ብለው ደረጃውን ይወርዱ ጀመር። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

ተቆጣጣሪው ተከተላቸው። የሚሸሹ መስሎት ነው፤ ቢሸሹም አይፈርድባቸውም ነበር።

እማማ ከቤታቸው ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ከመስኮታቸው ሥር በርጩማ ላይ አንድ ጎልማሳ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል። ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ አቁሞታል። ስልኩ ውስጥ አንዲት ወጣት አለች፤ ሁለቱም በእጃቸው ያወራሉ። ከላይኛው ረድፍ መጨረሻ ቤት የሚኖረው፣ መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ ነው። ልጅቱ በሌላ ከተማ የምትሠራ አንድ ልጁ ናት። በሰፈሩ የምልክት ቋንቋ የሚችል ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ልቡ እስኪደርስ የሚያወጋው በልጁ የምሳ ሰዓት፣ በዚች ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። እላይ ቤቱ ሆኖ በስልክ ኔትወርክ ሲሞክረው ምስሉ ይቆማል፣ ይቆራረጣል፤ ለእሱ ምስሉ ከቆመ ንግግሩ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ወርዶ የእማማን ቤት ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ ክፍሉ ምራታቸው የምታጠናበት ስለሆነ ግን ግባ ቢሉትም አይገባም።

እማማ ከኋላው ቆመው ጃንጥላውን ዘረጉለት። ተቆጣጣሪው ለምን ራሱ እንደማይዝ ለመጠየቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። በሁለት እጁ የሚያወራ ሰው ጃንጥላ በምኑ ይይዛል? እማማ ግማሽ ትከሻቸው እየራሰ፣ እጆቹን እንዳይከልሉበት ከፍ አድርገው ይዘው፣ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ቆሙ። ክንዳቸው ሲዝል ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጃቸው ያዛውሩታል። በዝናብ ወራት በየቀኑ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል ማለት ነው።

ሊሰናበቱ ሲሉ እማማ ከወረቀታቸው ጀርባ ላይ ጽፈው ለሰውየው አሳዩት፦ «ዛሬ ከፈረምኩ ያንተ ረድፍ እንዳለቀ ተቆጥሮ ይዘጋል። ካልፈረምኩ ይህም ይጠፋል፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ምን ይሻላል?»

ልብስ ሰፊው አነበበው። ፊቱ ጥቁር አለ። ወደ ስልኩ ዞሮ ለልጁ ነገራት። የልጅቱ እጆች ቆሙ፤ ምስሉ ግን አልተቆራረጠም ነበር። ከዚያ በአጭሩ አንድ ነገር መለሰችለት። እሱም እስክሪብቶውን ተቀብሎ ከእማማ ጽሕፈት ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እጠብቃለሁ። ከቤቴ ሆኜ፣ ሰው ሳላቆም ላውራት።» ከኪሱም ሰማያዊ የልብስ መቁረጫ ጠመኔውን አውጥቶ በመዳፋቸው ላይ አስቀመጠው። ለምን እንደሰጣቸው ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ምራታቸው ከበሩ ብቅ ብላ የተጻፈውን አነበበች። «እማዬ፣ ፈተናዬ እኮ ሳምንት ነው!» አለች።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ እማማ። ደረጃውን እንደገና ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አርባውን ክዳን አንድ በአንድ ከፈቱ። ባዶ በሆነው ሁሉ ላይ በሰማያዊው ጠመኔ «ባዶ» ብለው በትልቁ ጻፉ። አሥረኛው ላይ ተቆጣጣሪው የማስታወሻ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበላቸውና የቤቱን ቁጥር እሱ መጻፍ ጀመረ። ጣጣ የለውም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ላይ ታች ይላል። የተቆጣጣሪውም ስልክ ጠራ፤ የመምሪያ ኃላፊው ነው።

«ምነው ፈጣኑ፣ ዛሬ ምን ነካህ? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ።»

«ክዳን እየከፈትን ነው።»

«ምን?»

«ክዳን። አርባ ቤት ባዶ ሆኖ አገኘን።»

«ካርታው አረንጓዴ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

ተቆጣጣሪው ቀና ብሎ ረድፉን አየ። ጠዋት ቢሆን ከመኪናው መስኮት አርባ አንድ ንጹሕ ነጭ ሳጥን አይቶ ያልፍ ነበር። አሁን ከሩቅ የሚታየው ሰማያዊ ጽሕፈት ነው፤ እስከ ረድፉ ጫፍ ድረስ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። «ታዲያማ እኔ ተገናኝቷል ብዬ አልፈርምም» አለ። ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

እማማ ክዳን «አልተጠናቀቀም» በሚለው ሥር ፈረሙ። ለአስተያየት የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ስለነበር ወደ ጀርባው ገለበጡትና አናቱ ላይ «ክዳን ተከፍቶ የታየ» የሚል ርዕስ ሰጡት። ከሥሩ አርባው ቤት ተዘረዘረ። ተቆጣጣሪው አርባውንም ሳጥን በስልኩ ፎቶግራፍ አንስቶ ከፊርማቸው ጎን ፈረመ።

በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጠፋ።

ያኔ እማማ ያዩትን አበሳ እሳቸው ራሳቸው አያወሩትም፤ ሌላው ነው የሚያወራው። በየመንገዱ ፊት የነሳቸው ብዙ ነው። «ለራሷ የማይጠቅማትን እኛን ነፈገችን» ያሉም አሉ። ምራታቸው ለፈተናዋ የሁለት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ሄዳ፣ በተከራየችው ወንበር ላይ ተፈተነች፤ አሥራ አንድ ቀን አላናገረቻቸውም። ልብስ ሰፊው ልጁን ሳያያት ሰነበተ። ጣጣ የለውም ጠፋ፤ ድርጅቱ መከራከሪያ በላይ በላዩ ጻፈ፤ መመሪያውም፣ ረድፉም፣ አረንጓዴውም ተጠቀሰ። በቅጹ ጀርባ ያለውን ዝርዝርና የአርባውን ሳጥን ፎቶግራፍ ግን ማስተባበል አልተቻለም። በሰማያዊ «ባዶ» ተብሎ የተጻፈበትን ሳጥን ምን ብለው አረንጓዴ ያድርጉት?

በዘጠነኛው ሳምንት የአለት መሰርሰሪያ መጣ። የላይኛው ረድፍ ሰው ያንን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት እንደ ሠርግ ከበሮ በደስታ ቆሞ ሰማው። ከአንድ ወር በኋላ ርክክቡ እንደገና ተጠራ። ተቆጣጣሪው መኪናውን ከታች አቁሞ በእግሩ ወጣ። እማማ «የታችኛውንማ አይተነዋል» እንዲሉለት ትንሽ ተስፋ አድርጎ ነበር። አላሉም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ተከፈቱ።

የመጨረሻው ልብስ ሰፊው ቤት ነው። እንደ አጋጣሚ ውጭው ዶፍ ነበር። ሰውየው በሩን ከፍቶ በሁለት እጁ ወደ ውስጥ ጎተታቸው፤ ልጁ ከስፌት መኪናው አጠገብ በቆመው ስልክ ውስጥ ሆና ትስቃለች፣ እጇን ታወዛውዛለች። እማማ ክዳን ግን መጀመሪያ ወደ ዶፉ ተመልሰው ወደ ውጭው ግድግዳ ሄዱ። ክዳኑን ከፈቱ፣ ገመዱን ነኩ፣ መብራቷን አዩ፣ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው ገብተው ልጅቱን ያዩዋት። አባትና ልጅ ማውራት ጀመሩ። እማማ ልማድ ሆኖባቸው ከሰውየው ጀርባ ሄደው ቆሙ፤ የሚይዙት ጃንጥላ እንደሌለ ትዝ ሲላቸው እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ሰውየው ዞር ብሎ አያቸውና ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ያኔ አለቀሱ። ተቆጣጣሪውም ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቅጹ ተፈረመ። ሲሰናበታቸው እማማ ያንን ጫፉ የታጠፈ ብረት ዘረጉለት። «እንካ ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ የማነበው የለኝም።»

«እማማ፣ እኔ የተመደብኩበት ሰፈር አልቋል እኮ። ይህ የመጨረሻው ነው።»

«የቀደሙትስ?» አሉ።

መልሱንም ሳይጠብቁ ብረቱን መዳፉ ላይ አስቀምጠው ከጠመኔው የተረፈችውን ቁራጭ ጨመሩለት።

በማግስቱ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት መጀመሪያ ወደ ተረከበው ሰፈር ነድቶ ሄደ። የነጩ ሳጥን ቀለም በፀሐይ ወይቧል እንጂ ሁሉም በየግድግዳው አለ። ከመኪናው ወረደ። የመጀመሪያውን ክዳን ከፈተ፤ ገመዱ ነበር። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ነበራቸው። ደስ ብሎት ሊመለስ ሁሉ አሰበ። አምስተኛውን ሲፈለቅቀው ሸረሪት ወጣች።

የቤቱ ባለቤት በር ከፍታ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። «ይህ ሳጥን ሠርቶ ያውቃል?» አላት። «ኧረ ምኑ! ከተሰቀለ ጀምሮ ዝም ነው። የት ሄደን ብንጠይቅ፣ ወረቀቱ ላይ ተገናኝታችኋል ነው የሚሉን» አለች።

ተቆጣጣሪው ክዳኑ ላይ በሰማያዊው ጠመኔ «ባዶ» ብሎ ጻፈ። ንጹሕ ወረቀት አወጣና አናቱ ላይ «ክዳን ተከፍቶ የታየ» ሲል ጻፈ። ከሥሩ፣ ከየትኛውም የቤት ቁጥር በፊት፣ «ሳይከፍት የፈረመ» ብሎ የራሱን ስም ጻፈበት።